«ሜይን አይዲያው የቱ ነው?» የእንግሊዝኛ የንባብና የጽሕፈት ቃላትን ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ልጅ እንዴት እናስጠና

የእህቴ ልጅ 8ኛ ክፍል ናት። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አብረን ነው የምንኖረው። አንድ ማታ ደብተሯን ይዛ መጣችና «አጎቴ፣ ጠይቀኝ» አለችኝ። ሜይን አይዲያ (ዋና ሐሳብ) ምንድን ነው አልኳት። ፍቺውን በእንግሊዝኛ አንድም ቃል ሳትስት አነበነበችው። ከዚያ አጭር ምንባብ ሰጠኋትና «የዚህስ ሜይን አይዲያ የቱ ነው?» ስላት ዝም አለች።

ልጆቻችን ፍቺ ይሸመድዳሉ፤ ነገሩን ፊት ለፊት ሲያገኙት ግን አያውቁትም። የሚገርመው በአማርኛ ድሮም ያውቁታል። ተረት ሰምቶ ያደገ ልጅ ፕሎት (የታሪክ አካሄድ) ምን እንደሆነ ያውቃል፤ የማያውቀው ስሙን ነው። ስለዚህ እኛ ቤት የሠራው ዘዴ ነገሩን መጀመሪያ በአማርኛ ማሳየት፣ የእንግሊዝኛውን ስም ከዚያ በኋላ መለጠፍ ነው። አካሄዱ ይኸው።

1. ቃላቱን ከፈተና ወረቀት ላይ ልቀሙ

የድሮ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ የእንግሊዝኛ ፈተና ፈልጋችሁ ፎቶ ኮፒ አስደርጉ። የሁለት ወይም የሦስት ዓመት ይበቃል። ምንባቡን ለጊዜው ተዉት። ጥያቄዎቹን ብቻ አንብቡና እያንዳንዱ ምን እንደሚፈልግ ልጁ በእርሳስ ጎኑ ላይ ይጻፍ።

ቃላቱ በስማቸው ብዙም አይመጡም፤ ልጆችን የሚያደናግረውም ይሄ ነው። «ሜይንሊ አባውት» ካለ የተፈለገው ሜይን አይዲያ ነው። «ቤስት ታይትል» የቅርብ ዘመዱ ነው። «ክሎዘስት ኢን ሚኒንግ» ካለ ሲኖኒም (ተመሳሳይ ቃል)፣ «ኦፖዚት» ካለ አንቶኒም (ተቃራኒ ቃል)። «አኮርዲንግ ቱ ዘ ፓሴጅ» የሚል ጥያቄ መልሱ ምንባቡ ውስጥ ተጽፎ ተቀምጧል፤ ዲቴይል ነው የሚጠይቀው። «ካን ቢ ኢንፈርድ» ካለ ግን መልሱ እንዳለ ተጽፎ አይገኝም። «ሪፈርስ ቱ» ደግሞ ተውላጠ ስሙ የማን ምትክ እንደሆነ ይጠይቃል። «ኖት» እና «ኤክሴፕት» የሚሉትን በቀይ አክብቡ። የእኛዋ ልጅ የምታውቀውን ጥያቄ ስትስት አብዛኛውን ጊዜ እነዚህን ሁለቱን ዘላ ነው።

2. የታሪክ ቃላትን በተረት ጀምሩ

ከብሎካችን ጀርባ አሁንም በሬ የሚጠመድበት ማሳ አለ። ምናልባት ለዚህ ይሆናል የሦስቱ በሬዎች ተረት ቶሎ ትዝ ያለኝ። ነጭ፣ ቀይና ጥቁር በሬዎች አብረው ይኖራሉ። አንበሳ ሦስቱን አንድ ላይ አይደፍራቸውም። ስለዚህ ለቀዩና ለጥቁሩ «ይሄ ነጭ ጓደኛችሁ ሌሊት ከሩቅ እየታየ ሁላችሁንም ያስበላችኋል» ይላቸዋል። ነጩን አሳልፈው ይሰጡታል። ከዚያ ቀዩ ይበላል፤ በመጨረሻ ጥቁሩ።

አሁን ስሞቹን ለጥፉ። በሬዎቹና አንበሳው ካራክተር ናቸው። በአንበሳውና በበሬዎቹ መካከል ያለው ፍጥጫ ኮንፍሊክት ነው። ነገሩ በቅደም ተከተል የሄደበት መንገድ ፕሎት ነው። ሴቲንግ ላይ ቆም በሉ። ልጆች ሴቲንግ ቦታ ብቻ ይመስላቸዋል፤ ጊዜም ነው። ሌሊት የሚባል ነገር ባይኖር አንበሳው ምን ብሎ ያታልላቸው ነበር? ይህን ጥያቄ ስጠይቃት ነው ልጅቷ ሴቲንግ የገባት።

ቴም፣ ማለትም ታሪኩ የሚያስተላልፈው መልእክት፣ ለብዙዎች ከባድ ነው። የእኔ መፈተኛ ቀላል ናት። ታሪኩን የሚመጥን ተረትና ምሳሌ ፈልጉ። ለዚህኛው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይሆናል። ተረትና ምሳሌው በሬዎቹን አይጠራም፤ ከታሪኩ ውጭ ላለ ሰውም ይሠራል። ቴም እንዲህ ነው። «ሦስት በሬዎችን አንበሳ በላቸው» ካለ ግን ቴም አይደለም፤ ሰመሪ (የታሪኩ ማጠቃለያ) ነው።

ናሬተር (ተራኪ) የሚለውን ለማስረዳት ልጁ ተረቱን በነጩ በሬ አፍ እንዲያወራ አድርጉ። «እኔ» እያለ ሲያወራ ፈርስት ፐርሰን ነው፤ «እሱ» እያለ ከውጭ ሆኖ ሲያወራ ሰርድ ፐርሰን። ሲሚሊ፣ ሜታፈርና ፐርሶኒፊኬሽን ብዙ ጊዜ አይፈጁም። «ቃሏ እንደ ማር ይጣፍጣል» ሲሚሊ ነው፤ በእንግሊዝኛ «ላይክ» ወይም «አዝ» ይገባበታል። «እሷ ማር ናት» ሜታፈር። «ጨለማው ዋጠን» ፐርሶኒፊኬሽን።

3. ሜይን አይዲያን እንደ ጫማ አስለኩ

እዚህ ጋ አትቸኩሉ። እኛ አንድ ሳምንት ወስዶብናል። ይህን አንቀጽ ጻፍኩላት፦

«ቱሉ ዲምቱ ጠዋት ታክሲ ማግኘት ከባድ ነው። ሰው ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ለታክሲ ይሰለፋል። ዝናብ ከጣለ ሰልፉ ይረዝማል። ያረፈደ ተማሪ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያመልጠዋል።»

ቶፒኩ ምንድን ነው? የጠዋት ታክሲ። አለቀ። ቶፒክ ሐረግ ይበቃዋል። ሜይን አይዲያ ግን ስለዚያ ቶፒክ ምን ተባለ የሚለው ነው፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይፈልጋል። ልጁ የሰጣችሁ መልስ ማሰሪያ አንቀጽ ከሌለው ገና ቶፒክ ላይ ነው ያለው።

ከዚያ ምርጫዎቹን እንደ ጫማ ያስለካ። «አዲስ አበባ ውስጥ ኑሮ ከባድ ነው» ይሰፋል፤ አንቀጹ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ዘይት ዋጋ አላወራም። «ዝናብ ከጣለ ሰልፉ ይረዝማል» ይጠባል፤ አንዱን መስመር ብቻ ነው የያዘው። «ጠዋት ታክሲ ማግኘት ከባድ ነው» ልክ ነው። ልጆችን ብዙ ጊዜ የሚጥላቸው ጠባቡ ነው። እውነት ነዋ፣ ምንባቡ ውስጥ ቃል በቃል አለ!

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ቶፒክ ሴንተንስ ይባላል። የተቀሩት ሦስቱ ሰፖርቲንግ ዲቴይል ናቸው። አሁን የመጀመሪያውን በእጃችሁ ሸፍኑና ሌሎቹን ብቻ አስነብቡ። ሜይን አይዲያው አሁንም ይታወቃል። ቶፒክ ሴንተንስ ያልተጻፈለት አንቀጽ ሲመጣ ልጁ የሚሠራው ይህንኑ ነው።

4. ያልተጻፈውን አስነብቡ

«ማታ ከታክሲ ወርጄ ቀና ስል የብሎኩ መስኮቶች ሁሉ ሻማ በርቶባቸዋል።» ምን ሆኗል? መብራት ጠፍቷል። የትኛው ቃል ነው ጠፍቷል ያለው? የትም የለም። ኢንፈረንስ ማለት ይሄ ነው።

ኢንፈረንስን ከሰምና ወርቅ ጋር የሚያመሳስሉ አሉ። እኔ አልወደውም። ባለቅኔው አውቆ ወርቁን በሰም ይሸፍነዋል፤ አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ይዞ ይቆማል። ሻማው ግን ሻማ ብቻ ነው፤ እኛ ነን ከእሱ ተነስተን የምንደርስበት። ልጅ ኢንፈረንስን ቅኔ ካደረገው የሌለ ወርቅ መቆፈር ይጀምራል። ስለዚህ በየመልሱ «ከየትኛው መስመር አመጣኸው?» በሉት። መስመሩን በጣቱ ካላሳየ መልሱ ግምት ነው።

ኮንቴክስት ክሉ (የማያውቁትን ቃል በዙሪያው ካሉት ቃላት መረዳት) የዚሁ ታናሽ ወንድም ነው። «አያቴ ከጎታው ጤፍ ቀድታ ወፍጮ ቤት ላከችኝ» በሉት። ኮንዶሚኒየም ያደገ ልጅ ጎታ ላያውቅ ይችላል። ነገር ግን እህል የሚቀመጥበት ነገር መሆኑን ወዲያው ይነግራችኋል። እንግሊዝኛ ላይ አዲስ ቃል ሲያጋጥመው ግን ይደነግጣል። እንደ ጎታው ግራና ቀኙን ይይ።

«ሪፈርስ ቱ» ላይ የሚቸገሩት በቋንቋችን ጠባይ ይመስለኛል። አማርኛ «መጣ» ሲል ባለቤቱ ግሱ ውስጥ ነው። እንግሊዝኛ ግን «ሂ» ወይም «ኢት» ብሎ ለብቻው ያቆመዋል። ልጁ «ኢት»ን ባየ ቁጥር ክብ አድርጎ ወደተተካው ስም ቀስት ይሳብ። ብዙ ጊዜ ስሙ ከእሱ በፊት ነው ያለው።

5. ስኪሚንግና ስካኒንግን ለዩ

የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣ ቀን ጋዜጣ ላይ ስማችሁን የፈለጋችሁበት መንገድ ስካኒንግ ነው። ያንኑ ጋዜጣ ገለጥ ገለጥ አድርጋችሁ «ዛሬ ምን አለ?» ካላችሁ ስኪሚንግ። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

6. አሁን ያጽፉ

ልጁ በመስኮት የሚያየውን አንድ አንቀጽ ያድርገው። ዴስክሪፕቲቭ ነው ይህ። ትናንት የሆነውን ካወራ ናሬቲቭ፣ አንድን ነገር ካስረዳ ኤክስፖዚተሪ፣ ሰው ለማሳመን ከሞከረ ፐርስዌሲቭ ይሆናል። በአራት ቀን አራቱንም መሞከር ይቻላል፤ ፈርስት፣ ኔክስት፣ ሀውኤቨር የሚሉ ማያያዣዎች እግረ መንገዳቸውን ይገባሉ።

መጀመሪያ የሚጻፈው ድራፍት ነው። ይህን ስላት ልጅቷ በሳቅ ፈረሰች። ለሰፈራችን ሰው ድራፍት የሚቀዳ ቢራ ነዋ! ይሁን፣ አልረሳችውም። ቀጥሎ ሪቫይዝ ነው፤ ሐሳቡን ማየት፣ የማይመለከተውን መሰረዝ፣ የጎደለውን መጨመር። ኤዲት መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ስፔሊንግና ነጥብ ማረም። ሁለቱን በአንድ ጊዜ እንዳያደርጋቸው። ነገ ለሚሰረዝ ዓረፍተ ነገር ዛሬ ስፔሊንግ ማረም ድካም ነው።

ኤዲት ላይ በተለይ ሁለት ነገር ፈልጉ። አንደኛው ካፒታል ሌተር ነው። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ልጆች ይረሱታል። የዓረፍተ ነገር መጀመሪያ፣ የሰውና የቦታ ስም፣ ቀንና ወር፣ ደግሞም «እኔ» የሚለው «አይ» የትም ቢገባ በትልቁ ይጻፋል። ሁለተኛው የጠፋ ባለቤት ነው። «ዘነበ» በአማርኛ ይቆማል፤ በእንግሊዝኛ «ኢት» ካልቀደመው አይቆምም።

7. ፈታኙ ልጁ ይሁን

በመጨረሻ ልጁ ከራሱ አንቀጽ አምስት ጥያቄ አውጥቶ እናንተን ይፈትን። አንድ የሜይን አይዲያ፣ አንድ የዲቴይል፣ አንድ የኢንፈረንስ፣ አንድ የሲኖኒም፣ አንድ የሪፈረንስ። አሳሳች ምርጫዎቹንም ራሱ ያዘጋጅ፤ ሰፊውንና ጠባቡን ጫማ።

ባለፈው እሁድ የእኛዋ ስለ ጠዋቱ ታክሲ በእንግሊዝኛ ጽፋ ፈተነችኝ። አራቱን መለስኩ። አምስተኛው «ሦስተኛው መስመር ላይ ያለው ‹ኢት› ሪፈርስ ቱ ምን?» ይላል። ታክሲው አልኳት።

«ሰልፉ ነው አጎቴ። ቀስት ሳብ!»