ጣይቱ ወይስ ዘውዲቱ? ለሴት ልጅ የጥንት ስም ሲመረጥ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሶልያና፣ ሄራንና ማራማዊት በተሰለፉበት የመዋዕለ ሕፃናት ክፍል ውስጥ አንዲት ጣይቱ ወይም አንዲት ዘውዲቱ ብትገኝ፣ ስም የምትጠራው መምህርት ቀና ብላ ማየቷ አይቀርም። የጥንት ስም ሲመለስ ደስ ከሚላቸው ወገን ነኝ። ጭቅጭቁ የሚጀምረው ባል አንዱን፣ ሚስት ሌላውን የጥንት ስም ይዘው ሲፋጠጡ ነው። ያን ጊዜ የሚሠሩት ስህተቶች ደግሞ ከቤት ቤት ይመሳሰላሉ። እስቲ እነዚህኑ ሁለት ስሞች ይዘን እንያቸው።

ስሙን ሳይጣሩበት መምረጥ

ስም ተጽፎ ሲታይና ከማድ ቤት ሆነው ሲጣሩበት አንድ አይደለም። ዘውዲቱ ለማቆላመጥ የተፈጠረ ይመስላል፤ ዘውዲ ይሆናል፣ ዘውዬ ይሆናል፣ አያት ስትጠራው ደግሞ ሌላ መልክ ያወጣል። ጣይቱ አጭርና ጠንካራ ነው። ከግቢ ማዶ ሲጣሩበት ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ሲያቆላምጡት ግን እንደ ዘውዲቱ አይታዘዝም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስሙ ለጨዋታ ካልተመቸ ዘመድ አዝማድ የራሱን ያመጣል፤ ልጅቷ ሚሚ ወይም ማሚቱ ሆና ታድጋለች፣ እቴጌዋ የልደት ምስክር ወረቀት ላይ ብቻ ትቀራለች። ሁለቱንም ስሞች ለጥቂት ቀናት ጮክ ብላችሁ ተጣሩባቸው። በቁጣም ሞክሯቸው፤ ልጅ ስም የሚጠራባት በፍቅር ብቻ አይደለምና።

የባለስሟን ታሪክ ከአንድ ምዕራፍ ብቻ ማንበብ

ጣይቱን የሚመርጡ ወላጆች በአብዛኛው የሚያስቡት 1888ን ነው፦ አድዋን፣ ከዚያም በፊት የመቀሌው ምሽግ ውኃ እንዲያዝ ያደረጉትን እቴጌ። አዲስ አበባን ስም ያወጡላትም እሳቸው ናቸው። ዘውዲቱን የሚጥሉት ደግሞ «ዘውዱ የእሳቸው፣ ሥልጣኑ የአልጋ ወራሹ ነበር» ይላሉ። እዚህ ላይ አልስማማም። ክርክሩ ስለ ዘውድ ከሆነ፣ ጣይቱ የንጉሠ ነገሥት ባለቤት ነበሩ፤ የካቲት 4 ቀን 1909 በራሳቸው ስም ዘውድ የጫኑት ግን ዘውዲቱ ናቸው። ፍጻሜያቸው ማሳዘኑ እውነት ነው። ሲነግሡ እንዲለዩዋቸው የተደረጉት ባለቤታቸው ራስ ጉግሣ ወሌ መጋቢት 22 ቀን 1922 አንቺም ላይ በጦርነት ወደቁ፤ ንግሥቲቱም ከሁለት ቀን በኋላ አረፉ። ይህን ሰምተው «ዕድሏን ለልጄ አልሰጥም» የሚሉ እናቶች አሉ፤ አልፈርድባቸውም። ግን የጣይቱም የመጨረሻ ዓመታት ከቤተ መንግሥት ርቀው እንጦጦ ላይ ያለፉ ናቸው። በዕድል ከተመዘነ ሁለቱም ስሞች አያልፉም።

ባልና ሚስት «የኔ ወገን ስም፣ ያንቺ ወገን ስም» እያሉ ሲሟገቱ ስሰማ ፈገግ የምለው፣ ሁለቱ ሴቶች ራሳቸው የአንድ ቤት ሰዎች ስለነበሩ ነው። ጣይቱ የዘውዲቱ የእንጀራ እናት ነበሩ፤ ራስ ጉግሣ ደግሞ የጣይቱ የወንድም ልጅ።

በዛሬው ጊዜ የምኒልክ ዘመን ስም ሲወጣ እንደ ፖለቲካ አቋም የሚቆጥር ሰው አይጠፋም። ከሁለቱ ይበልጥ ይህ የሚገጥመው ጣይቱ ይመስለኛል። ለዚህ ሲባል ስም መተው አለበት አልልም፤ ልጅቷ ስትጠየቅ የምትመልሰው ነገር እንዲኖራት ግን ወላጆቿ ታሪኩን ከወዲሁ ይወቁት።

«የጥንት» የሚባለውን ሁሉ በአንድ ቋት መክተት

ጣይቱና ዘውዲቱ ሩቅ ናቸው፤ ብዙዎቻችን በዚህ ስም የምትጠራ ጎረቤት የለችንም፤ ለዚህም ነው አዲስ የሚመስሉት። አበበች፣ ዘነበችና ወርቅነሽ ግን ገና የእናቶቻችንና የአክስቶቻችን ናቸው። ስለዚህ ምርጫው ለምሳሌ ጣይቱና ዘነበች ከሆነ፣ ሁለቱ ስሞች በሰው ጆሮ እኩል «የጥንት» አይደሉም። ፋንታዬ፣ ምትኬና ካሳነሽ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ናቸው። እነዚህ ብዙ ጊዜ የሚወጡት ከቤቱ ልጅ ሞቶ ወይም ሌላ ሐዘን ደርሶ ሲሆን ነው። ለአያታችሁ ለምን እንደወጣ ሳትጠይቁ «እንዴት ያምራል!» ብላችሁ ለጤነኛ የበኩር ልጅ ብታወጡት፣ ታሪኩን የሚያውቁ አዛውንት ስሙን በሰሙ ቁጥር ይደነግጣሉ።

ከአባት ስም ጋር አለማስተያየት

የቤተሰብ ስም የለንም፤ ልጅቷ ዕድሜዋን ሙሉ የምትጠራው ከአባቷና ከአያቷ ስም ጋር ነው። ዘውዲቱ ዘውዴ አፍ ውስጥ ይጋጫል፤ ጣይቱ ታዬም ቢሆን ያው ነው። የዛሬ አባቶች ደግሞ ናሆምና ብሩክ ናቸው። ዘውዲቱ ናሆም ተብሎ ሲጻፍ ልጅ አባቷን የወለደች ይመስላል። ይህ እንዲያውም ደስ ይለኛል፤ የማይወድ ግን ከአሁኑ ይወቀው።

የስሙ ባለቤት እቤት እያለች ስሙን መድገም

አንደኛው ስም የሴት አያቷ ከሆነና አያቲቱ በሕይወት ካሉ፣ ጉዳዩን በክብር ብቻ አትመልከቱት። ምራት የአማቷን ስም በአፏ መጥራት በሚከብዳት ቤት «አንቺ ዘውዲቱ፣ ነገሩኝ በይ!» ብላ ልጇን መቆጣት አትችልም። ውጤቱ ይታወቃል፦ ልጅቷ ሌላ ስም ይወጣላታል። አያቲቱ ራሳቸው ፈቅደው፣ ምናልባትም ጠይቀው ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ቀድሞ መጠየቅ ያለባቸው እሳቸው ናቸው፤ በልደቱ ማግስት ደግሞ ስጦታ ነው ብሎ መደነቅን መጠበቅ አያዋጣም።

የተሸነፈውን ስም ለክርስትና ማቆየት

«አንዱ መጠሪያ፣ አንዱ የክርስትና ስም ይሁን» የሚለው ማስታረቂያ በኦርቶዶክስ ቤተሰቦች ይሰማል፤ አይሠራም። ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ስትጠመቅ ካህኑ የሚሰጣት ስም የቤተ ክርስቲያን ስም ነው፤ ወለተ ወይም አስካለ የሚል ዓይነት። እቴጌይቱ ወለተ ሚካኤል፣ ንግሥቲቱ አስካለ ማርያም ነበሩ። ሁለቱን ስሞች አጋጥሞ ጣይቱ ዘውዲቱ ብሎ ማስመዝገብም መዘዝ አለው። ቅጹ ላይ ከልጅቷ ስም ቀጥሎ የሚጠበቀው የአባት ስም ነውና በተለይ በውጭ አገር ዘውዲቱ አባቷ ሆና ልትመዘገብ ትችላለች። ከዚህ ይልቅ አንዱ ተመዝግቦ ሌላውን የእናት ወይም የአባት ወገን በቤት ውስጥ ቢጠራበት ይሻላል፤ ሁለት ስም ያላቸው ልጆች በየሰፈሩ አሉ፣ ሲጠሩም አይሳሳቱም።

ምዝገባውን ማዘግየት፣ አጻጻፉን አለመወሰን

ልደት መመዝገብ ያለበት በ90 ቀናት ውስጥ ነው። ክርስትናው ከተደገሰ በኋላ እንወስናለን ያለ ሰው የሚተርፈው 10 ቀን ብቻ ነው። በላቲን ፊደል ስትጽፉም አንድ ጊዜ ወስኑ። «ጣ» እና «ታ» እዚያ አንድ ይሆናሉ፤ «ዘውዲቱ»ን ደግሞ አንዱ ጸሐፊ በአንድ መልክ፣ ሌላው በሌላ መልክ ይጽፈዋል። የልደት ምስክር ወረቀቱ፣ የክትባት ካርዱና ፓስፖርቱ ላይ ሦስት ዓይነት ሆኖ የተገኘ ስም ኤምባሲ በር ላይ ያስቆማል። በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ ያለውን አጻጻፍ ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት፤ በየመሥሪያ ቤቱም ለጸሐፊው እሱን አሳዩት።