የማሲንቆው መንጫጨት እንዴት እንደቀረ

አዘዞ የሚኖረው የእህቴ ልጅ ማሲንቆ ሲለማመድ ድምፁ እየተንጫጨ፣ የግራ እጁም አንጓ እየታመመ ተቸገረ። ጭራው (የማሲንቆው ክር) ተቀየረ፣ ክሩን የሚስበው ደጋንም ዕጣን ተቀባ፤ ለውጥ አልመጣም።

ጣጣው ያለው ከአያያዙ ነበር። ጊታር የነካካ ልጅ ስለሆነ ጭራውን ከዘንጉ ጋር ለማጣበቅ ይታገላል። የማሲንቆ ጭራ ግን ከዘንጉ ርቆ የተወጠረ ነው፤ ጣት በስሱ ሲነካው ይበቃዋል፣ ሲጫኑት ቅኝቱ ይዛባል።

መጀመሪያ ጣት ሳያሳርፍ ደጋኑን ብቻ በዝግታ፣ ጭራውን አቋርጦ ቀጥ ብሎ እንዲስብ አደረግሁ። አሰልቺ ነው፤ ልጁም አጉረመረመ። ድምፁ ሲጠራ አንድ ጣት፣ ቀጥሎ ሌላውን ጨመርን፤ አውራ ጣቱ ዘንጉን እንዳያንቅ እየተቆጣጠርሁ።

አሁን የትዝታን ቅኝት ያለ ሕመም ይጫወታል። ባቲ በሚባለው ቅኝት ላይ ትንሿ ጣቱ ገና ታስቸግረዋለች።