አንድ እግር ብቻ ሲያብጥ፦ የደም መርጋትን በጊዜ ለይቶ የመታከም መመሪያ

ደም ከቁስል ሲፈስ መርጋቱ ሕይወት ያድናል፤ በደም ሥር ውስጥ እያለ ሲረጋ ግን መተላለፊያውን ይዘጋል። የጉዳቱን ክብደት በአብዛኛው የሚወስነው የረጋው ደም ሄዶ ያረፈበት ቦታ ነው። በእግር ጥልቅ ደም መልስ ውስጥ የተፈጠረ እንደሆነ ተነቅሎ በቀኝ የልብ ክፍል በኩል አልፎ ሳንባ ውስጥ ሊሰነቀር ይችላል፤ በግራው የልብ ክፍል የተፈጠረ እንደሆነ ደግሞ ወደ አንጎል፣ ወደ ኩላሊት፣ ወደ አንጀት ወይም ወደ እጅና እግር ሊሄድ ይችላል። ከእግር የሚነሣው ወደ ሳንባ ከመድረሱ በፊት ምልክት ሊያሳይ ስለሚችል፣ ጥንቃቄው ከእግር መጀመር አለበት።

ሁለቱም እግሮች ማታ ማታ እኩል የሚያብጡ ከሆነ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነው። የሚያሳስበው አንዱ ብቻ ሲያብጥ፣ ባቱ ሲያም፣ ሲሞቅ ወይም መልኩ ሲለወጥ ነው። ሐኪሞች የሚጠቀሙበትን ልኬት በቤትም መሞከር ይቻላል፦ ከጉልበት በታች ከሚዳሰሰው የአጥንት ጉብታ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብለው የሁለቱን ባቶች ዙሪያ በልብስ ሰፊ ሜትር ይለኩ፤ ልዩነቱ ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ልዩነቱ ከዚያ ማነሱ ግን ብቻውን ነጻ አያደርግም።

እንዲህ ያበጠ እግር አይታሽም። ወጌሻ ለወለምታ የሚፈለግ ባለሙያ ቢሆንም፣ የረጋ ደም ያለበትን ባት ማሸት ደሙን ነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሰደው ይችላል። በዚያው ቀን የእግር ደም ሥር አልትራሳውንድ ወደሚሠራበት ሆስፒታል መሄድ ይገባል። ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ አየር ሲስቡ የሚወጋ የደረት ሕመም፣ ደም የቀላቀለ አክታ ወይም ራስን መሳት ከታየ ግን ተራ የሚጠበቅበት ጉዳይ አይደለም፤ አምቡላንስ ይጠራ (የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ቁጥር 907 ነው)።

የረጋ ደም አንጎል ላይ ሲያርፍ (ይህ ስትሮክ ይባላል) ፊት ይጣመማል፣ አንድ እጅ ይዝላል፣ አንደበት ይተሳሰራል። በዚህ ጊዜ አስታማሚው ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት መዝግቦ መያዝ አለበት፤ ምክንያቱም የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ችግሩ መርጋት ይሁን መፍሰስ የሚለየው በሲቲ ስካን ስለሆነ፣ አስቀድሞ በቤት አስፕሪን መስጠት አደገኛ ነው። በቁርጥማት ትኩሳት ምክንያት የልብ በር የጠበበባቸው ወጣቶች በአገራችን ጥቂት አይደሉምና፣ ስትሮክ የሽማግሌ በሽታ ነው ብሎ መዘናጋት አይገባም። እግር ወይም እጅ በድንገት ቀዝቅዞ ሲገረጣና ክፉኛ ሲያም፣ ወይም የልብ ሕመምተኛ ድንገት ከባድ የሆድ ቁርጠት ሲይዘው እንዲሁ ወደ ድንገተኛ ክፍል መውሰድ ያስፈልጋል።

በደም መልስ መርጋት የተያዘ ሰው ሕክምናው ቢያንስ 3 ወር ይወስዳል፤ እብጠቱ ስለጎደለ መድኃኒት አይቋረጥም። ደም እንዳይረጋ የሚከላከለውን ዋርፋሪን የተባለ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች፣ ደማቸው ለመርጋት የሚወስድበትን ጊዜ የሚያሳየው የአይ ኤን አር ምርመራቸው ብዙውን ጊዜ በ2 እና በ3 መካከል እንዲሆን ይፈለጋል። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ጾም ነው። ጎመን ደም እንዲረጋ በሚረዳው ቫይታሚን ኬ የበለጸገ በመሆኑ፣ በፍስክ እምብዛም ሳይበሉት ቆይተው በዐቢይ ጾም በየዕለቱ መመገብ የመድኃኒቱን ኃይል ያዳክማል፤ ፋሲካ ደርሶ በአንዴ ሲተዉት ደግሞ ደም የመፍሰስ ስጋት ይጨምራል። ጎመን ማቆም አያስፈልግም፤ መጠኑን ዓመቱን ሙሉ ተቀራራቢ ማድረግና ጾም ሲገባና ሲወጣ ምርመራውን መድገም ይገባል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የተባሉት የሕመም ማስታገሻዎች ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰዱ፤ የጠቆረ ሰገራ ወይም የማይቆም ነስር ከታየ ወዲያውኑ ለሐኪም ይነገር። ዋርፋሪን ጽንስን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ለማርገዝ ያሰበች ሴት አስቀድማ ሐኪሟን ታማክር።

ቀዶ ሕክምና፣ የአጥንት ስብራት፣ ካንሰርና ኢስትሮጅን የተባለ ሆርሞን ያለበት የወሊድ መከላከያ አደጋውን ይጨምራሉ፤ ከወለዱ በኋላ ያሉት 6 ሳምንታትም በተለይ ያሰጋሉ። አራስን ከአልጋ እንዳትወርድ ማድረግ ከፍቅር የመጣ ልማድ ነው፤ ገንፎው ይቅረብላት፣ ነገር ግን ሐኪም ካልከለከላት በየዕለቱ ተነሥታ በቤት ውስጥ ትመላለስ። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን እንደሚደረገው ያለ ረጅም በረራ ላይ ደግሞ በየሰዓቱ ገደማ መነሣት፣ ተቀምጠው ሳሉ ተረከዝን ከፍ ዝቅ ማድረግና ውኃ መጠጣት ይመከራል። ከዚህ ቀደም ደም የረጋበት መንገደኛ ከመሳፈሩ በፊት ሐኪሙን ያነጋግር፤ ከደረሰም በኋላ ባሉት ሳምንታት ባቱን ይከታተል።