ካርታ ሊያስይዙ ነው? መጀመሪያ ወረቀቱን አብረን እናንብብ

ደሴ ፍርድ ቤት አካባቢ ማመልከቻና ውል እየጻፍኩ ነው የምኖረው። ሰው ቤቱን የሚያጣው ፎርጅድ በሠራ ሌባ ይመስለዋል። እሱም አይጠፋም። እኔ ጋ የሚመጣው ግን አብዛኛው በገዛ ፊርማው ነው ቤቱን የሰጠው። በአፍ የተባለው ሌላ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ሌላ። ስለዚህ ምክሬ ሁሉ የሚዞረው አንድ ነገር ላይ ነው፦ ወረቀቱ ምን እንደሚሠራ ሳያውቁ አይፈርሙ። ሰውየው ምን አለ የሚለውን ለጊዜው ይተዉት።

አንዲት እናት ከኮምቦልቻ የሀረጎን ዳገት ወጥተው መጡ። ልጃቸው ባጃጅ ሊገዛ ከአንድ ነጋዴ 300 ሺህ ብር ተበድሯል። ወረቀቱን ከነጠላቸው ጫፍ ፈተው ሰጡኝ።

«ልጄ፣ እስቲ አንብቢልኝ። ካርታውን ለዋስትና ነው የሰጠነው።»

ከላይ በትልቁ «የመኖሪያ ቤት ሽያጭ ውል» ይላል። ዝቅ ሲል፣ «የቤቱን ዋጋ ብር 450,000 በእጄ ቆጥሬ ተቀብያለሁ፤ ቤቱንም ለገዥ አስረክቤያለሁ»።

«እማማ፣ ይሄ እኮ ሽያጭ ነው።»

«ወይ ጉዴ! እኔ ምን ቤት ሸጥኩና! ወለዱ ሐራም ነው፣ ሽያጭ ብለን እንጻፈውና ከኃጢአቱ እንውጣ ብሎኝ ነው ነጋዴው እንጂ።»

ሁለተኛው ወረቀት ይብሳል። የኪራይ ውል ነው። እኚህ እናት ባላቸው በሠራላቸው ቤት ተከራይ ሆነዋል። በየወሩ «ኪራይ» እያሉ የሚከፍሉት ወለዱ ነበር። አንድ ወር ቢያሳልፉ አበዳሪው አሁን አበዳሪ አይደለም። ተከራይ የሚያስወጣ ባለቤት ነው።

የዚህ ዓይነት ውል መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «ይህ ውል በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 እና 2005 መሠረት በሕግ ፊት የጸና ነው»። ሰው እንደ ማሳረጊያ ጸሎት ያልፈዋል። እኔም ራሴ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ። 1731 ውል በተዋዋዮቹ መካከል ሕግ ነው ይላል። 2005 ደግሞ የተፈረመበት ጽሑፍ በፈራሚዎቹ መካከል ሙሉ ማስረጃ ነው ይላል። የሚቀጥለው ቁጥር 2006 ያንን ጽሑፍ በሰው ምስክር ለማስተባበል በሩን ያጠብቃል። ስለዚህ «ጎረቤት ሁሉ ብድር እንደሆነ ያውቃል» ብለው አሥር ሰው ቢያሰልፉ ብዙም አይረዳዎትም።

ሽያጭ ከሆነ ሽያጭ ይባል፤ ብድር ከሆነ «የብድር ውል» ይባል። አበዳሪው «ያው ነው፣ ስሙ ምን ያደርጋል» ካለዎት ወረቀቱን አጥፈው ይነሱ። ያው ቢሆን ኖሮ ብድር ብሎ ለመጻፍ አይቸገርም ነበር። የተጻፈው ገንዘብና እጅዎ የገባው ገንዘብም እኩል ይሁን። ገንዘቡን በባንክ ይቀበሉ፣ በጥሬ አይቁጠሩ። ሳይቀበሉ «ተቀብያለሁ» የሚል ላይ አይፈርሙ፤ «ነገ ጠዋት አስገባልዎታለሁ» የሚል ሰው ነገ ጠዋት ያስፈርምዎት።

የቤት ሽያጭና ለግለሰብ አበዳሪ የሚደረግ መያዣ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በሰነድ አረጋጋጭ ፊት መደረግ እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 ያዛል። የእኚያ እናት ወረቀት ሰፈር ውስጥ ነበር የተፈረመው። ለክርክራቸው ትልቅ ድጋፍ የሆናቸው እሱ ነው፤ ጉዳዩ ገና አላለቀም። ብዙዎች ግን ተሰልፈው ሄደው ያጸድቁታል። እዚያ ሠራተኛው «ቤትዎን ሸጠዋል? ገንዘቡን ተቀብለዋል?» ብሎ ይጠይቃል። ደላላው በር ላይ «አዎ ብቻ ይበሉ» ብሎ አስጠንቷቸዋል። እነሱም አዎ ይላሉ። እባክዎ፣ ያቺ ጥያቄ የመጨረሻዋ በር ናት። «ኧረ እኔ ተበድሬ ነው» ካሉ ነገሩ እዚያው ይቆማል። ሰው ፊት ያሳፍራል አይበሉ።

ወለድ የሚከብደው ሰው ብዙ ነው፣ ወሎ ነውና። ለዚያ ሕጋዊ መንገድ አለ። ዘምዘምና ሂጅራ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ባንኮች ናቸው፤ ሌሎቹም ከወለድ ነፃ አገልግሎት ከፍተዋል። በሙራባሃ ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን ነግሮ፣ በጊዜ ክፍያ ይሸጥልዎታል። ባጃጅም ቢሆን በዚህ መንገድ መጠየቅ ይቻላል። መያዣ ግን እዚያም ሊጠየቁ ይችላሉ፤ ወረቀት ማንበቡ አይቀርም። በሃይማኖት ስም ሁለት ውል የሚያጽፍ ግለሰብ ግን ለእኔ ተራ አራጣ አበዳሪ ነው። ግለሰብ ለግለሰብ ሲያበድር በዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወለድ መዋዋል በፍትሐ ብሔር ሕጉ አይፈቀድም። በወር 10 በመቶ የሚሉት ደግሞ በዓመት 120 በመቶ ነው። አራጣ በወንጀል ሕጉም ያስቀጣል።

አሁን እውነተኛውን መያዣ እንየው። የመያዣ ውል ዕዳው ስንት ብር እንደሆነ በቁጥር ማስቀመጥ አለበት፤ የሚጸናውም ቤቱ ባለበት ከተማ መዝገብ ላይ ሲመዘገብ ነው። ግለሰብ አበዳሪ «ባትከፍል ቤቱ የእኔ ይሆናል» የሚል አንቀጽ ቢያስገባ ሕጉ አይቀበለውም፤ ቁጥር 3060ን ያንብቡ። ዕዳው ካልተከፈለ በፍርድ ቤት በኩል ይሸጣል፣ ከዕዳው የተረፈው የእርስዎ ነው። አራጣ አበዳሪው መያዣ ትቶ ሽያጭ የሚያጽፈው ለዚህ ነው።

ባንክ ግን ይለያል። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ማስጠንቀቂያው የሚላከው ውሉ ላይ ባለው አድራሻ ነው። ቤት ከቀየሩ ወይም አዲስ አበባ ከገቡ ለባንኩ በጽሑፍ ያሳውቁ።

የሐራጁ ማስታወቂያ ከወጣ በኋላ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሰው ይመጣል። ማስታወቂያው ላይ የተበዳሪው ስም አለ፣ ቤቱ ያለበት ቀበሌ አለ፣ ስፋቱ አለ። አንብቦ ይደውላል። «ሰማሁ፣ በጣም አዘንኩ። ባንኩ ውስጥ ሰው አለኝ፣ ሐራጁን አስቆመዋለሁ።» ፒያሳ ካፌ ይቀጥርዎታል። ማኪያቶውን እሱ ይከፍላል። ከዚያ «ባንክ ቤት በስምዎ ልከራከር» ብሎ ውክልና ያስፈርማል። አክሎም «ዕዳውን እኔ እዘጋለሁ፣ ካርታው ሲወጣ እንተሳሰባለን» ይላል። ዕዳው ይዘጋል፣ ካርታው ይወጣል፣ ቤቱም በዚያው ውክልና ይሸጣል። የዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሠላሳው ቀን ሳያልቅ ራስዎ ቅርንጫፉ ይሂዱ፣ ብድሩ እንዲራዘም በጽሑፍ ያመልክቱ፣ ማመልከቻው ቅጂ ላይ «ደረሰን» አስብለው ማኅተም ያስደርጉ። ባንኩ እምቢ ሊል ይችላል። ቤቱን በራስዎ ፈቃድ፣ ገዥው ዕዳውን በቀጥታ ለባንኩ ከፍሎ ቀሪውን ለእርስዎ እንዲሰጥ አድርጎ መሸጥ ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ። አዳኝ ነኝ ባዩን ግን እንደመጣ ይሸኙት።

ስለ ውክልና ከተነሳ፦ ቤት ለመሸጥና ለማስያዝ ጠቅላላ ሥልጣን አይበቃም፣ ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል፤ ቁጥር 2205 ነው። ስለዚህ ብልጡ ሰው ቃላቱን ራሱ አስጽፎ ይመጣል፦ «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በዋስትና ለማስያዝ፣ በስጦታ ለማስተላለፍ»። ጂዳና ዱባይ ያላችሁ እህቶች፣ ይሄ ለእናንተ ነው። ወንድም ግብር እንዲከፍልና ኪራይ እንዲሰበስብ ከሆነ እነዚያን ሁለቱን ብቻ አስጽፉ። ቤት ለማስያዝ ከሆነም የትኛው ቤት፣ ለየትኛው ባንክ፣ እስከ ስንት ብር ተብሎ ይጻፍ። መሻር ስትፈልጉ ለወንድምየው በዋትስአፕ መንገር አይበቃም። ውክልናውን የመዘገበው ቢሮ፣ ቤቱ ያለበት ማዘጋጃና ባንኩ በጽሑፍ ይወቁ።

ከባዱ ግን ዘመድ ነው። የአጎት ልጅ ካርታ ሲጠይቅ ብቻውን አይመጣም፣ ሽማግሌ ይዞ ነው። ቡና ይፈላል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ «ስምዎ ብቻ ነው፣ ለስድስት ወር ነው» ይባላል። ለሰው ዕዳ ያስያዙት ቤት ልክ እንደ ራስዎ ዕዳ ይሸጣል። እሺ ካሉ እንኳ ውሉ ላይ አንድ ሐረግ ይፈልጉ፦ «አሁን ለተሰጠውና ወደፊት ለሚሰጠው ብድር»። እሱ ካለ ልጁ ነገ ብድሩን ቢጨምር ቤትዎ አብሮ ይጨመራል። ያስወጡት፣ ወይም የብሩን ጣሪያ ያስጽፉ። እምቢ ማለት ለከበደዎት ደግሞ ሕጉ ራሱ ያግዝዎታል፦ የባልና ሚስት የጋራ ቤት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይያዝም። «ባለቤቴ ካልፈረመች አይሆንም» ብሎ ሽማግሌ መሸኘት ነውር የለውም። የውርስ ቤት ከሆነ ወራሾቹም አሉ።

በስልክ የሚመጣውን በአጭሩ ልለፈው። በቴሌግራም «ያለ መያዣ ፈጣን ብድር» ብሎ በግለሰብ ቴሌብር ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅ ሌባ ነው። የካርታዎን ፎቶ አይላኩ። በስልክዎ የገባውን የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም አይንገሩ። አለቀ።

ከመፈረምዎ በፊት ማዘጋጃ ቤት ሄደው ፋይልዎን ያሳዩኝ ይበሉ፤ ዕዳና እገዳ ይኑር አይኑር ይጠይቁ። በ2014 በጦርነቱ ከደሴም ከኮምቦልቻም ተፈናቅለን ስንመለስ ወረቀቱ የጠፋበት ሰው ብዙ ነበር። ካርታዎ ያኔ ጠፍቶ ምትክ ካላወጡ «እኔ አስወጣልሃለሁ» ለሚል ጉዳይ ገዳይ አይስጡት፣ ራስዎ ያመልክቱ። ቤት የሚገዙም ከሆነ ማስረጃው የሻጩ ቃል አይደለም፤ የማዘጋጃው ደብዳቤ ነው፣ ያውም በዚያው ሰሞን የተጻፈ።

ብድሩን ሲጨርሱ ደግሞ ደስታው ያዘናጋል። ከባንኩ የዕዳ ስረዛ ደብዳቤውን ይቀበሉ፣ ዋናውን ካርታ ይቀበሉ፣ ደብዳቤውን በእጅዎ ማዘጋጃ አድርሰው እገዳው መነሳቱን በዓይንዎ ይዩ። ከዓመታት በፊት ከፍሎ ጨርሶ ፋይሉ ላይ እገዳው እንዳለ የቀረበት ሰው አውቃለሁ። ሊሸጥ ሲል ነው ያወቀው።

ፈርመው ከሆነስ? ፈጥነው ይነሱ። በማታለል የተገኘ ፊርማ ውሉ እንዲፈርስ ለመጠየቅ ምክንያት ይሆናል፤ ክሱ የሚቀርበው ግን ምክንያቱ ከቀረ ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ ነው። ከክሱ ጋር አብረው የእገዳ ማመልከቻ ያስገቡ፣ ክርክሩ ሳያልቅ ስም እንዳይዞር። ጠበቃ ጋም ሆነ እኔን መሰል ጸሐፊ ጋ ሲመጡ «ታሪኩ እንዲህ ነው» ብለው ብቻ አይምጡ። በየወሩ ያስገቡበትን የባንክ ደረሰኝ፣ የቴሌብሩን መልእክት፣ ሰውየው «የዚህ ወር ወለድ ዘገየ» ብሎ የጻፈውን ቴክስት ይዘው ይምጡ። ገዥ ነኝ የሚል ሰው ከሻጩ ወለድ አይጠይቅም፤ ዳኛውም ይህን በጽሑፍ ሲያይ ነው ጆሮ የሚሰጠው። ስልኩ እንዳይበላሽ ቀድመው ያሳትሙት፣ ኮፒውንም ሁለት ያድርጉት፤ አንዱ መዝገብ ውስጥ ይገባል።