ከስትሮክ በኋላ ሚዛንን ለማስተካከል በወንበር የሚሠራ ዮጋ

ስትሮክ የመታው ሰው ሲቆም ብዙ ጊዜ አብዛኛውን ክብደቱን ደህነኛው እግሩ ላይ ይጥላል። ደካማው እግር ሥራ ይፈታል። ስለዚህ የዚህ ዮጋ ዋና ሥራ ደካማውን እግር ዳግም ማሠራት ነው። በአንድ እግር መቆም፣ መጠማዘዝ ምናምን ለጊዜው ይቅር።

መጀመሪያ ሐኪምዎንና ፊዚዮቴራፒስትዎን ያማክሩ። ደም ግፊትዎ ካልተስተካከለ ይቆይ።

ከዚያ ሶፋውን ይተዉት። እኛ አገር ታማሚን ማክበር ሶፋ ላይ ማስቀመጥ ይመስለናል፤ ለስላሳ ሶፋ ግን ወገብን ያጎብጣል። ጠንካራ የምግብ ጠረጴዛ ወንበር ግድግዳ ያስደግፉ። ምንጣፉን ጠቅልለው ያንሱ። በካልሲ ብቻ መቆም የለም፤ የማያንሸራትት ጫማ ያድርጉ።

1. እግሮችዎን መሬት አስረግጠው፣ ጀርባዎን ሳይደገፉ ቀጥ ብለው ይቀመጡ። ከፊትዎ መስታወት ይኑር። ከስትሮክ በኋላ ዘመም ብለው ሳለ ቀጥ ያሉ ሊመስልዎ ይችላል። በአፍንጫ በዝግታ ይተንፍሱ። ትንፋሽ አይያዙ፤ ማማጥ ግፊት ይጨምራል።

2. በተቀመጡበት ክብደትዎን ቀስ ብለው ወደ ደካማው ጎን ያዛውሩ፣ ወደ መሃል ይመለሱ። ቀላል ይመስላል፤ ግን ይጠቅማል። አይሰልቹት።

3. ለመነሳት እግርዎን ከጉልበትዎ ትንሽ ወደ ኋላ ይሳቡ። አፍንጫዎ ከእግር ጣትዎ በላይ እስኪደርስ ወደ ፊት ያዘንብሉ፣ ከዚያ ይነሱ። አስታማሚው በደካማው ጎን ቆሞ ወገብ ይያዝ። ክንድ መጎተት ክልክል ነው! የደካማው ክንድ ትከሻ በቀላሉ ይወልቃል።

4. የኩሽናውን መደርደሪያ ይዘው እግርዎን ትንሽ ከፈት አድርገው ይቁሙ። ዮጋ ሠሪዎች የተራራ አቋቋም ይሉታል። ዓይንዎን አይጨፍኑ። ለአምስት ትንፋሽ ያህል ቆይተው ይቀመጡ። ሲለምዱት እዚያው ቆመው ክብደት ማዛወሩን ይሞክሩ።

ጭንቅላትን ከወገብ በታች የሚያወርድ እንቅስቃሴ ሁሉ ይቅር። ከስትሮክ በኋላ ድካም ያለ ነው፤ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ድንገት ፊት ከተጣመመ፣ ክንድ ከዛለ ወይም ንግግር ከተንተባተበ ነገ ይሻላል ብሎ መጠበቅ የለም፤ በ907 ቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጥሩ።

ኮንዶሚኒየም ለሚኖሩ ደግሞ ደረጃው አለ። ሲወጡ ደህነኛው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ ደካማው። ውጭ ለመለማመድ አራት ኪሎ አካባቢ ያሉት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ጥሩ ናቸው፤ ጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ። የፒያሳ ቁልቁለት ግን ለኋላ ይቆይ።