ከደሴና ከኮምቦልቻ ተነስቶ አቪዬሽን ኮምፒውቲንግንና ሂውማን ፋክተርስን እንዴት መማር ይቻላል?

ደሴ ላይ አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ «አቪዬሽን መግባት እፈልጋለሁ» ካለ፣ ሰው ሁሉ ወዲያው የሚመጣለት ፓይለትነት ነው። ቢበዛ ሆስተስነትና የአውሮፕላን ጥገና ይጨመራሉ። ብዙም ስሙ የማይነሳ ሌላ ሙያ ግን አለ። ለአውሮፕላንና ለአየር ትራፊክ ቁጥጥር የሚሆን ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ያ ሶፍትዌር ከአብራሪውና ከተቆጣጣሪው ጋር ተግባብቶ መሥራቱን የሚያጠኑም አሉ። የመጀመሪያው ዘርፍ አቪዬሽን ኮምፒውቲንግ፣ ሁለተኛው ሂውማን ፋክተርስ ይባላል።

በዚህ ስም የሚሰጥ ዲግሪ ከተማችን ውስጥ አትጠብቁ። ቢሆንም የኮምፒውተሩን ክፍል እዚሁ ተምሮ፣ የሰውን ክፍል በራስ ጥረት ጀምሮ፣ በማስተርስ ሁለቱን ማገናኘት ይቻላል። በእኔ እምነት ይሄ መንገድ በዚህ ስም የሚጠራ ፕሮግራም እስኪከፈት ከመጠበቅ በጣም ይሻላል።

መጀመሪያ፦ ሙያው ለምን እንዳስፈለገ ይግባችሁ

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2:38 ከቦሌ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302፣ ስድስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ቢሾፍቱ አካባቢ ተከሰከሰ። 157 ሰዎች አለቁ። ያንን እሁድ የማያስታውስ ማን አለ? ይህን ሙያ የሚፈልግ ተማሪ የዚያን አደጋ የመጀመሪያ ደረጃ የምርመራ ሪፖርት ረጋ ብሎ ማንበብ አለበት።

አውሮፕላኑ አፍንጫው ከሚመጣው ነፋስ አንጻር ምን ያህል ቀና እንዳለ የሚለኩ ሁለት ሴንሰሮች ነበሩት፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ። ከተነሳ ብዙም ሳይቆይ የግራው በድንገት ተስፈንጥሮ 74.5 ዲግሪ አሳየ። የቀኙ ከ15.3 አላለፈም። ኤምካስ የተባለው ሶፍትዌር ግን የሚያዳምጠው አንዱን ሴንሰር ብቻ ነበር፤ በዚያን ቀን የተሳሳተውን። የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ደፋው። በዚሁ ጊዜ የካፒቴኑ መሪ ይንቀጠቀጣል፣ የግራና የቀኝ የፍጥነት መለኪያዎች አይስማሙም፣ ማስጠንቀቂያው በላይ በላዩ ይመጣል። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ በ2019 እ.ኤ.አ. ያለው ይህንኑ ነው፦ የአውሮፕላኑ አምራች ቦይንግ ስለ አብራሪዎች ምላሽ የያዘው ግምት፣ ብዙ ማስጠንቀቂያ በአንድ ጊዜ ሲጮህ ሰው ምን እንደሚሆን አላገናዘበም።

ሶፍትዌሩን የጻፈው ሰው የሰውን አእምሮ ባያውቅ ምን እንደሚከተል ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም። አብራሪውን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው፤ ሂውማን ፋክተርስ ግን የተወለደው ያንን ልማድ በመቃወም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቢ-17 የተባለውን ቦምብ ጣይ የሚያበሩ አብራሪዎች ካረፉ በኋላ ፍላፕ (የክንፉን ተንቀሳቃሽ የኋላ ጠርዝ) የሚያጥፉ መስሏቸው ጎማውን ያጥፉት ነበር። አልፎንስ ቻፓኒስ የተባለ ሳይኮሎጂስት ኮክፒቱን፣ ማለትም የአብራሪዎቹን ክፍል፣ ሲያይ ሁለቱ መቆጣጠሪያዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ መልካቸውም አንድ ነው። መፍትሔው ትንሽ ነገር ሆነ፦ የጎማው እጀታ ጫፍ ላይ ክብ ጎማ፣ የፍላፑ ላይ ሽብልቅ የሚመስል ቅርጽ ማድረግ። እጅ ሳያይ ይለያል። ዛሬም የአውሮፕላን ኮክፒት ውስጥ የጎማው እጀታ ጎማ ይመስላል።

ሁለተኛ፦ 12ኛ ክፍልን በተፈጥሮ ሳይንስ ጨርሱ

ሒሳብ፣ ፊዚክስና እንግሊዝኛ። በተለይ እንግሊዝኛን አትናቁት፤ የዘርፉ ንባብ በሙሉ በእንግሊዝኛ ነው።

ሦስተኛ፦ የመጀመሪያ ዲግሪ ምርጫ

ለአብዛኛው ተማሪ የሚመረጠው ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ወይም ኮምፒውተር ሳይንስ ነው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ቅርብ ነው፣ ከደሴ ሐረጎን ወርዶ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ። ምደባ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ቢጥላችሁም አትዘኑ፤ ወሳኙ ዲፓርትመንቱ ነው። አውሮፕላኑን ራሱን በእጁ መንካት የሚፈልግ ደግሞ አዲስ አበባ የሚገኘውን የኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲን ይመልከት፤ ኤሮኖቲካል ኢንጂነሪንግ ይሰጣል።

ፍሬሽማን ላይ ጀነራል ሳይኮሎጂ የሚባል ኮርስ አለ። የቴክኖሎጂ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ለማለፍ ያህል ነው የሚያነበው። እናንተ ግን ስለ ትኩረት፣ ስለ ትውስታና ስለ ስሜት ሕዋሳት የሚያወሩትን ምዕራፎች ደጋግሙ። መምህሩን ተዋወቁት፣ በኋላ ትፈልጉታላችሁ። ከዚያ በላይ ባሉት ዓመታት ስታቲስቲክስ፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ኢምቤድድ ሲስተም (በመሣሪያ ውስጥ የሚገጠም ኮምፒውተር) እንዲሁም ካለ የሰውና የኮምፒውተር መስተጋብር ኮርስ ላይ አተኩሩ።

አራተኛ፦ የሰውን ክፍል በራሳችሁ ጀምሩ

ብዙ ተማሪ የሚዘለው ይህን ነው። ከዶርም ሆናችሁ በነፃ የምትሠሯቸው ሁለት ሥራዎች አሉ።

አንደኛው ንባብ ነው። የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያስተዳድረው የአቪዬሽን ደህንነት ሪፖርት ማሰባሰቢያ አለ። አብራሪዎች፣ ተቆጣጣሪዎች፣ የበረራ አስተናጋጆችና ቴክኒሺያኖች የገጠማቸውን ስህተት ራሳቸው ጽፈው ይልካሉ። የላኪው ማንነት ወጥቶ ጽሑፉ ለሕዝብ ክፍት ይሆናል። አንድ ርዕስ ምረጡ፤ ለምሳሌ አውቶፓይለቱ ምን ላይ እንዳለ ግራ መጋባት። ኔትወርክ ደህና በሚሆንበት ሰዓት ሃምሳ ያህል ሪፖርት አውርዱ። ከዚያ ኢንተርኔት አያስፈልግም። እያንዳንዱን እያነበባችሁ መነሻው ድካም ነው፣ የስክሪኑ አቀማመጥ ነው፣ የንግግር አለመግባባት ነው እያላችሁ መድቡ። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ቁጠሩት። ጓደኛችሁም ለብቻው ይመድብ። የማትስማሙባቸውን ስትከራከሩባቸው ነው ትምህርቱ የሚመጣው።

ሁለተኛው ሙከራ ነው። ፍላይትጊር የሚባል ነፃ የበረራ ሲሙሌተር ላፕቶፕ ላይ ጫኑ። ፈቃደኛ ጓደኞች ፈልጉና መጀመሪያ በደንብ አለማምዷቸው። ከዚያ እያንዳንዱ ሁለት ጊዜ ያሳርፍ። አንዱን ዙር ዝም ብሎ ያሳርፍ፤ በሌላው ዙር ግን እያሳረፈ ከመቶ ጀምሮ ሦስት ሦስት እየቀነሰ ጮክ ብሎ ይቁጠር። ግማሾቹ በከባዱ ዙር ይጀምሩ። አለዚያ በሁለተኛው ዙር የተሻሻሉት በልምምድ ይሁን በሌላ አታውቁም።

ከየዙሩ በኋላ የናሳን የሥራ ጫና መለኪያ ስጧቸው። ስድስት ጥያቄዎች ናቸው፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል። አእምሮህን ምን ያህል ጠየቀህ? አካልህንስ? ምን ያህል አጣደፈህ? ምን ያህል ተሳካልህ? ምን ያህል ጣርክ? ምን ያህል ተበሳጨህ? በጎን ከመሐል መስመሩ ምን ያህል ርቆ እንዳረፈ መዝግቡ። አንዳንዱ በሁለቱም ዙር እኩል አሳምሮ ያሳርፋል፤ የጻፈው ጫና ግን በጣም ይለያያል። ያ ሰው ከውጭ ሲታይ ደህና ነው፣ ውስጡ ያለው ትርፍ አቅም ግን ተሟጧል። አንድ ተጨማሪ ነገር ቢገጥመው ምን ይሆናል? ሂውማን ፋክተርስ የሚጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው። ያ የሳይኮሎጂ መምህር ንድፉን ቢያይላችሁ ደግሞ ሥራው ክብደት ያገኛል።

አምስተኛ፦ የመመረቂያ ፕሮጀክቱን በአቪዬሽን ሥርዓት ሥሩት

የአውሮፕላን ሶፍትዌር ዲኦ-178ሲ በሚባል ሰነድ መሠረት ይመዘናል። ሶፍትዌሩ ቢበላሽ በሚያስከትለው ጉዳት ከኤ እስከ ኢ አምስት ደረጃ አለው፤ ኤ አውሮፕላኑን ሊጥል የሚችለው ነው። ሰነዱን መግዛት አያስፈልጋችሁም። ልማዱን ብቻ ውሰዱ፦ እያንዳንዱን መስፈርት ቁጥር ስጡት፣ የትኛው ኮድ እንደሚፈጽመው፣ የትኛው ሙከራ እንዳረጋገጠው በሠንጠረዥ አያይዙ። መስፈርት የሌለው ኮድ ካገኛችሁ አውጡት። ፕሮጀክቱ የፋርማሲ ሲስተም ቢሆንም ይሄ ይሠራል።

ስድስተኛ፦ ማስተርስ

እንግሊዝ አገር ክራንፊልድ ዩኒቨርሲቲ የራሱ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው ነው፤ በአቪዬሽን ደህንነትና ሂውማን ፋክተርስ ማስተርስ ይሰጣል። አሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ ኤምብሪ-ሪድል አለ፤ ሂውማን ፋክተርስን እስከ ዶክትሬት ያስተምራል፣ የኮምፒውተር ትምህርቶቹም እዚያው ናቸው። የስዊድኑ ሉንድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮግራም ሥራ ላይ ላሉ ሰዎች የሚስማማ ነው። ኮድ መጻፍ ለምትወዱ የእኔ ምርጫ የኮምፒውተሩና የሂውማን ፋክተርሱ ዲፓርትመንቶች በአንድ ግቢ የሚገኙበት ነው።

ወጪው ከባድ ስለሆነ ስኮላርሺፕ ግድ ነው። ቼቭኒንግ የእንግሊዝን የአንድ ዓመት ማስተርስ ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል፤ ግን ሁለት ዓመት ያህል የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ከጨረሳችሁም በኋላ አገር ተመልሶ ሁለት ዓመት መቆየት ግዴታ ነው። ለአሜሪካ ፉልብራይት አለ።

ሰነዱን አስቀድማችሁ አዘጋጁ። የመውጫ ፈተና ሳይታለፍ ዲግሪ የለም፣ ኦፊሻል ትራንስክሪፕትም ለማውጣት ጊዜ ይወስዳል። ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች አይኤልትስ በሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና ቢያንስ 6.5 ይፈልጋሉ፤ ውጤቱ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ብቻ ስለሆነ ቀድማችሁ አትፈተኑ።

ለፕሮፌሰር ኢሜይል ስትጽፉ «ከልጅነቴ ጀምሮ አቪዬሽን እወዳለሁ» በሚል አትጀምሩ። በሲሙሌተሩ ያደረጋችሁትን ሙከራ በሁለት ገጽ አጠቃላችሁ አያይዙ፣ ያልገባችሁን አንድ ውጤት ጠቅሳችሁ ስለሱ ጠይቁ። በሁለት ሳምንት ካልመለሰ አንዴ አስታውሱት፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው እለፉ።