የመሥሪያ ቤቱ ስልክ ለምን አይገኝም? ችግሩና መፍትሄው

ደሴና ኮምቦልቻ ላሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የኮሙዩኒኬሽን ባለሙያዎች የተዘጋጀ።

ስልኩ ይጠራል፤ የሚያነሳው ግን ሌላ ሰው ነው

የተለጠፈው ቁጥር የመሥሪያ ቤቱ ሳይሆን የኃላፊው ነው። ሲሾሙ የእጅ ስልካቸው በበሩም በቴሌግራሙም ይጻፋል፤ ሲዛወሩ ይዘውት ይሄዳሉ። ከወረኢሉ ወደ ዞን ቢሮ የሚደውል ባለጉዳይ «እኔ እዚያ ከለቀቅሁ ቆየሁ» የሚል መልስ ያገኝና ሳይወድ ደሴ ድረስ ይሳፈራል። ማኅተም ይዞ የሚዛወር ኃላፊ የለም፤ ስልኩስ በምን ተለየ?

ሲም ካርዱ በመሥሪያ ቤቱ ስም ይውጣ። ቀፎው ከመዝገብ ቤት ጠረጴዛ አይነሳ፤ በርክክብ ሰነዱም ላይ ከማኅተሙ ጋር ይመዝገብ። መስመር ስልክ ካለ በ033 የሚጀምረው ቁጥር አብሮ ይለጠፍ፤ ከመለጠፉ በፊት ግን ከሌላ ስልክ ተደውሎ ይረጋገጥ። በመስከረም 1998 ዓ.ም. የስልክ ቁጥሮች አሥር አኃዝ ሆነዋል። ከዚያ ያነሰ አኃዝ ያለው ቁጥር የያዘ ታፔላ ካለ ይውረድ፤ አጭር የጥሪ ቁጥሮችን አይመለከትም።

ከውጭ አገር ሲደወል አይገባም

ጅዳና ሪያድ ስንት የወሎ ልጅ እንዳለ የታወቀ ነው። ከ251 በኋላ ዜሮ ከተጻፈ ጥሪው አይደርስም። የመስመር ስልኩን «+251 33» ብሎ መጀመር ይበቃል።

በኢንተርኔት ሲፈለግ አይወጣም

ቁጥሩ ፎቶ በተነሳ ደብዳቤ ውስጥ ተቀብሯል፤ ከሥዕል ላይ ደግሞ ቁጥር ቀድቶ መደወል አይመችም። በጽሑፍ ይለጠፍና ከገጹ አናት ይሰካ። ሌላው ምክንያት ፊደል ነው፦ አንዱ «ጽሕፈት ቤት»፣ ሌላው «ፅህፈት ቤት»፣ ሦስተኛው «ጽ/ቤት» ብሎ ይፈልጋል። ሦስቱም በገጹ መግለጫ ውስጥ ይግቡ። መዋቅር በተቀየረ ቁጥር የመሥሪያ ቤቱ ስም ስለሚለወጥ የቀድሞውም ስም አብሮ ይጻፍ፤ ሕዝቡ የሚያውቀው እሱን ነው።

አድራሻው ተጽፏል፤ ቢሮው ግን አልተገኘም

«አድራሻ፦ ደሴ» አድራሻ አይባልም። በፒያሳ ነው ወይስ በሸዋ በር በኩል? ስንተኛ ፎቅ? ዳገት ለሚወጣ አዛውንት ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። የቢሮ ቁጥርና ባለጉዳይ የሚስተናገድበት ቀን ይጨመር።

«ሳይፈቀድ አንለጥፍም»

ከሁሉም የሚያናድደው ይህ ነው። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት አካላት ስለ ሥራቸውና ስለ አገልግሎታቸው መረጃ እንዲያሳትሙ ያስገድዳል። አለቃ የሚያመነታ ከሆነ አዋጁን ከማስታወሻው ጋር አያይዞ ማቅረብ ነው።

ቁጥር ሲቀየር አዲስ ልጥፍ መጨመር ብቻ አይበቃም፤ አሮጌው በዚያው ዕለት ይታረም። የሚያርመው ሰው ማን እንደሆነም በሥራ ዝርዝር ላይ በስም ይጻፍ።